ላበጠ እግር የሚበጀው ቅባት ውዱ አይደለም

በዚህ ወር የምናነሳው ብዙ ቤተሰብ ደብቆ የሚይዘውን የእግር እብጠትና ከእርሱ ጋር የሚመጣውን የቆዳ መድረቅና ማሳከክ ነው፡፡ «የትኛው ቅባት ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፡፡ ነገር ግን እግሩ ላበጠ ሰው መልሱ በአልጋ ላይ የሚውልባቸውን ቀናት ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል፡፡

በሰውነታችን ውስጥ ከደም ሥሮች ሌላ ሊምፍ የተባለ ፈሳሽ የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፡፡ እነዚህ ሲጎዱ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ እግር ወይም እጅ ውስጥ ይጠራቀማል፡፡ ይህ እብጠት በሕክምናው ሊምፌዴማ ይባላል፡፡ በአገራችን ደጋማ ቦታዎች ዋነኛው ምክንያት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ የሚያመጣው ፖዶኮኒዮሲስ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ግምት መሠረት በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ሕመም አለባቸው፡፡ በቆላማ አካባቢ ደግሞ በትንኝ የሚተላለፍ የፋይላሪያ ትል ተመሳሳይ እብጠት ያመጣል፡፡ በጡት ካንሰር ምክንያት የብብት ዕጢዎቻቸው በቀዶ ሕክምና የወጡላቸው እህቶችም እጃቸው ሊያብጥ ይችላል፡፡ ከእነዚህ መካከል አንዱም ቢሆን በመጨባበጥ ወይም አጠገብ ለአጠገብ በመስገድ አይተላለፍም፡፡

ያበጠ ቆዳ የተወጠረ ቆዳ ነው፡፡ ወዙን ያጣል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ያሳክካል፡፡ ሰውየው ሲያክ በጥፍር የተከፈተው ቀዳዳ ለጀርም በር ይሆናል፡፡ ከዚያ በኋላ እግሩ ይቀላል፣ ይግላል፤ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ይወጣል፤ ብርድ ብርድ ይላል፤ ትኩሳቱም አልጋ ላይ ይጥላል፡፡ እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ሕመም የቀሩትን ቱቦዎች ስለሚጎዳ እብጠቱ ይብሳል፡፡ ስለዚህ ለእነዚህ ሰዎች ቅባት ጌጥ ሳይሆን በር መዝጊያ ነው፡፡

ይህንንም በአገራችን የተደረገ ጥናት ይደግፈዋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማንን ባሳተፈ ጥናት፣ እግራቸውን እየታጠቡ፣ ቆዳቸውን እየተንከባከቡ፣ በፋሻ እየጠቀለሉና ካልሲና ጫማ እያደረጉ የቆዩት አንድ ሰው በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲታመም፣ እንክብካቤው ገና ያልተጀመረላቸው ግን 23.9 ጊዜ ታመዋል፡፡ ልዩነቱን ያመጣው ውድ መድኃኒት አልነበረም፡፡

በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ የማየው ግን ሌላ ነው፡፡ ከጅዳ ወይም ከዱባይ ልጅ የላከው መዓዛው ቤቱን የሚሞላ ሎሽን እናት እግር ላይ ይፈሳል፡፡ ልጅቷ የላከችው በፍቅር ነው፤ አላህ ይመንዳት፡፡ ሆኖም ሽቶና ቀለም የተሰነጠቀ ቆዳን ይቆጠቁጣሉ፣ ማሳከኩንም ያባብሳሉ፡፡ እንደ እኔ አስተያየት እናቷን ለመርዳት የምትፈልግ ልጅ በሎሽኑ ዋጋ ሰፊ ጫማና ለብዙ ወራት የሚበቃ ቫዝሊን ብትገዛላት የተሻለ ነው፡፡

ታዲያ ምን እንምረጥ?

አንደኛ፣ ሽቶ የሌለው ተራ ቫዝሊን፡፡ ቫዝሊን በራሱ ውሃ የለውም፤ ቆዳው ውስጥ ያለው እርጥበት እንዳይወጣ ይከድናል፡፡ በመሆኑም መቀባት ያለበት ከታጠብን በኋላ ቆዳው ገና ለስለስ እንዳለ እንጂ ደርቆ ከተኮማተረ በኋላ አይደለም፡፡

ሁለተኛ፣ ግሊሰሪን፡፡ ይህ ውሃን ወደ ቆዳ የሚስብ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2017 በኢትዮጵያ 193 የፖዶኮኒዮሲስ ሕሙማን ላይ ተደርጎ የታተመ ጥናት፣ እግር በሚነከርበት ውሃ ላይ 2 በመቶ ግሊሰሪን መጨመር ቆዳው እርጥበቱን እንዲይዝ ከተለመደው እንክብካቤ የበለጠ እንደሚረዳ አሳይቷል፡፡ ይህም በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 4 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፡፡ ሳይበጠበጥ መቀባት ግን አይመከርም፡፡

ሦስተኛ፣ ቆዳው እንደ ቅርፊት ለጠጠረበት ሰው ዩሪያ ያለበት ክሬም ይረዳል፡፡ ነገር ግን ክፍት ቁስል ላይ ስለሚያቃጥል ባለሙያ ሳያማክሩ አይጀመርም፡፡

ልንርቃቸው የሚገቡም አሉ፡፡ ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል ያለባቸው ቅባቶች ማሳከኩን ለጊዜው ስለሚያስታግሱ ይወደዳሉ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡ ግን ቆዳውን ያሳሳሉ፣ ኢንፌክሽንንም ይሸፍናሉ፡፡ የሙያ ባልደረቦቼም እንደ ተራ ቅባት ባይሸጧቸው እላለሁ፡፡ የወይራ ዘይትን በተመለከተ፣ የተባረከ ምግብ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ነገር ግን ቆዳ ላይ ሲቀባ የላይኛውን ሽፋን ሊያላላ እንደሚችል የታየበት ጥናት ስላለ ለማዕዳችን እናቆየው፡፡ ለዒድና ለሠርግ የሚቀባው ኬሚካል የተጨመረበት ጥቁር ሂናም ላበጠ እጅ አይሆንም፡፡ በጣቶች መሃል ደግሞ ምንም ቅባት አይደረግም፤ ከነጣና ከተላጠ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል የራሱ መድኃኒት አለው፡፡ ቫዝሊን የጠጣ ፋሻና ልብስ እሳት ቶሎ ስለሚይዘው ከከሰል ምድጃ ይራቅ፡፡

ውዱእና ቅባት

አልሐምዱሊላህ፣ እኛ በቀን ውስጥ ደጋግመን እግራችንን የምናጥብ ሰዎች ነን፡፡ በጣቶች መሃል ውሃ ማድረስ ከልጅነታችን የተማርነው ሱና ነው፡፡ ላበጠ እግር የሚቀረው ውሃውን ማድረቅ ነው፡፡ ከውዱእ በኋላ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ፣ ሳያሹ፣ በተለይ በጣቶች መሃል በእርጋታ ያድርቁ፡፡ ቀን ቀን በስሱ ይቀቡ፤ ወፈር ያለውን ቅባት ከዒሻ ሶላት በኋላ ያድርጉት፡፡ ውሃ ከቆዳ እንዳይደርስ የሚከለክል ወፍራም ቅባት ካለ ከውዱእ በፊት ይጠረግ፡፡ ፋሻ የታሰረላቸውና ቁስል ያለባቸው ስለ መስሕና ስለ ተየሙም ኡስታዛቸውን ይጠይቁ፤ ዲናችን ለታመመ ሰው አግርቷል፡፡

የመስጂድ ኮሚቴዎችንም አንድ ነገር ልጠይቅ፡፡ በውዱእ ቦታው ዝቅ ያለ መቀመጫና ንጹሕ ውሃ ይኑር፡፡ እግሩ ያበጠ ወንድማችን ሽታውን ፈርቶ በመጨረሻው ሶፍ ጥግ ሲቆም ወይም ጀመዓውን ሲተው ዝም ብለን አንለፍ፡፡ ሽታው የሚመጣው ከተሰነጠቀ ቆዳና ከጀርም ነው፤ በሳሙና፣ በማድረቅና በቅባት ይቀንሳል፡፡ ይህን ጉዳይ የጁሙዓ ኹጥባ ቢያነሳው ከብዙ ቤት የታፈነ ሐዘን ይወጣል፡፡

በቤት ውስጥም ልጆች እናትና አባታቸውን አጥበው ይቀቡ፡፡ ያበጠ እግር ጎንበስ ብሎ ራሱን ለማጠብ ያስቸግራልና፡፡ መቅላት፣ መጋል ወይም ትኩሳት ከታየ ግን ቅባት ላይ ተማምኖ መቆየት አይገባም፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይኬድ፡፡

አላህ ለሕሙማን ሁሉ ሺፋውን ያምጣ፡፡ አሚን፡፡ ወሰላሙ ዐለይኩም፡፡