የእጅ ሙያ ዓምድ፦ ጠባቡ መቁረጫ መሮ



በዳሮ ለቡ ወረዳ፣ በመቻራና በዙሪያዋ፣ ያረጀ የቡና ተክል ሲጎነደል ግንዱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ምድጃ ይገባል። ሆኖም የቡና እንጨት ጥቅጥቅና ጠንካራ በመሆኑ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ከደረቀ በቶርኖ ላይ የማንኪያ እጀታም የተስቢሕ ፍሬም ይወጣዋል። አገሬው ዋዴሳ የሚለው ዋንዛና ኤጀርሳ የሚለው ወይራም እንዲሁ ናቸው። እንጨት ጠራቢን መናቅ በአገራችን የቆየ መጥፎ ልማድ ነው። እኛ ግን ነቢዩላህ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጢ እንደነበሩ በሰሒሕ ሙስሊም መዘገቡን እናውቃለን። የካይሮ የእጅ ባለሙያዎችም የመሽረቢያን መስኮቶች ፍሬ በፍሬ ያወጡት በእጅ በሚጎተት ቀስት በሚሽከረከር ቶርኖ ነው።

ስለሆነም ዛሬ ለጀማሪ ወጣቶች ስለ አንድ መሣሪያ ብቻ እንነጋገራለን፤ ይኸውም ሥራውን ከግንዱ የሚለየው ጠባቡ መቁረጫ መሮ ነው።

ጥበቱ ለምን ይጠቅማል? እያንዳንዱ ፍሬ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ 33 ፍሬ ተስቢሕ እናውጣ ብንል፣ 33 ጊዜ መቁረጥ አለብን። መሮው 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው 198 ሚሊ ሜትር እንጨት ፍቅፋቂ ሆኖ ይቀራል። 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን የሚባክነው 66 ብቻ ነው። የተረፈው 132 ሚሊ ሜትር ከነመቁረጫ ቦታው ለተጨማሪ 11 ፍሬ ይበቃል። ብክነትን ለተከለከልን ሕዝቦች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ጠባብ መሮ ቶሎ ይግላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ በቆረጠው ቦይ ውስጥም ይጣበቃል። ስለዚህ አሳሳሉ ላይ እንጠንቀቅ። የሚሳለው ከላይና ከታች ያለው ተዳፋት ብቻ ነው። ሁለቱ ተዳፋቶች እኩል ሆነው መሃል ላይ ይገናኙ፤ በመካከላቸው ያለው ማዕዘንም ወደ 50 ዲግሪ ይሁን። ጎኖቹን መሳያ ድንጋይ አታስነኳቸው፤ ስሉ ጠቦ ገላው ከሰፋ መሮው ይነክሳል። መሃሉ ሰፍቶ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሳሳ መሮ ካላችሁ ስሉ የግድ በሰፊው ቦታ ላይ መዋል አለበት። ተራ የካርቦን ብረት ሲሳል ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬውን አጥቷልና ቶሎ ቶሎ ውኃ ውስጥ ንከሩት። ሃይ ስፒድ የሚባለውን ብረት ግን ሲግል ውኃ ውስጥ ከመክተት በአየር ማቀዝቀዝ ይሻላል፤ ሊሰነጠቅ ይችላልና።

ወደ አጠቃቀሙ ስንመጣ፣ በመጀመሪያ ማስደገፊያውን ወደ እንጨቱ አስጠጉና ሞተሩ ሳይነሣ እንጨቱን በእጅ አዙራችሁ እንደማይነካካ አረጋግጡ። መሮውን በጠባብ ጎኑ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። እጀታውን ዝቅ አድርጋችሁ ተዳፋቱ እንጨቱን እንዲተሻሽ ካደረጋችሁ በኋላ መቁረጥ እስኪጀምር ድረስ እጀታውን ቀስ እያላችሁ አንሡ። እንጨቱ እየቀጠነ ሲሄድ ስሉን ወደ መሃል አስከትሉት እንጂ በጉልበት አትግፉ። ቦዩ ሲጠልቅ መሮውን አውጥታችሁ ከጎኑ በጥቂቱ ደግማችሁ ቁረጡ፤ ይህ መጣበቅን ይከላከላል። ከመሮው በፍቅፋቂ ምትክ ዱቄት ከወጣ ደንዟልና እንደገና ሳሉት።

አደጋው ያለው መጨረሻው ላይ ነው። በሁለት ጫፍ የተያዘን እንጨት በመሮ ጨርሳችሁ አትቁረጡ፤ ሲበጠስ ይዘላልና። በወፍራም ሥራ 10 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በትንንሽ ፍሬ 3 ሚሊ ሜትር ያህል አንገት ትታችሁ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ በመጋዝ ለዩት። ሥራ ላይ ሳላችሁ መብራት ከጠፋ መሮውን አውጡና ማብሪያውን ዝጉ፤ አለበለዚያ መብራቱ ሲመለስ እንጨቱ በድንገት ይሽከረከራል። አዛን ሲሰማም እንዲሁ አጥፍቶ መሄድ ነው እንጂ "ይቺን ልጨርስ" ብሎ መጣደፍ ጣት ያስከፍላል። የሽርጥና የጁባ ጫፍ፣ የእህቶችም ሒጃብ፣ ተሰብስቦ ይታሰር። የዓይን መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛም አይዘንጋ።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ይህን ሙያ ሲጀምር ብዙ መሮ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥሩ መሮ፣ መሳያ ድንጋይና መነጽር ግዙለት።

በመጨረሻም፣ የተሰነጠቀን ፍሬ በሙጫና በሰም ሸፍኖ መሸጥ ማታለል ነው። ነውሩን ለገዢው ተናግሮ በርካሽ መሸጥ ግን ሐላል ነው፤ በረካውም በዚያ ውስጥ ነው። አላህ በእጃችን ሥራ ላይ በረካ ያድርግልን።