የስንብት ክፍያ በ«ነገ ና» አይቅር!

የሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ ከተሞች መራጮች ሆይ!

አገራችን ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የምትከፍለው ድጎማ የላትም። ያለው የስንብት ክፍያ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፣ በቅነሳ ወይም ድርጅቱ ተዘግቶ ለተሰናበተ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚህን ሲሶ ይፈቅዳል። ሒሳቡ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ያዘገየ አሠሪ እስከ 3 ወር ደመወዝ ጨምሮ እንዲከፍል ሊታዘዝ ይችላል።

ታዲያ ሠራተኛው ለምን ይጉላላል? የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ነገ ና» የሚል አሠሪ ይህን ቀን እየቆጠረ ነው። ስለዚህ በቃል ተስፋ አትዘናጉ፤ አቤቱታችሁን በጽሑፍ ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ለፍርድ ቤት አቅርቡ፤ ይርጋው ይቋረጣል።

ሕጉ ራሱ ግን ጎዶሎ ነው። የስንብት ክፍያ የሚወጣው ከአሠሪው ኪስ ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ብዙ አሠሪዎችና ሠራተኞች አብረው ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ንብረቱ ከወደመበት ሰው ምን ይጠየቃል? በሽንኩርትና በማሾ ማሳ በቀን ሒሳብ የሚውለው ወጣትም የጽሑፍ ውል ስለሌለው ምን ያህል እንዳገለገለ ማስረዳት ይቸግረዋል።

ስለሆነም ፓርቲያችን፦

1. አሠሪ፣ ሠራተኛና መንግሥት የሚያዋጡበት የሥራ አጥነት መድን ፈንድ እንዲቋቋም፣
2. የስንብት ክፍያ አቤቱታ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲያገኝ፣
3. የቀን ሠራተኛ የአገልግሎት መዝገብ እንዲኖረው

ይታገላል። ሠርቶ የኖረ ሰው ሲሰናበት ለማኝ መሆን የለበትም። ድምፃችሁ ይህን ይወስን!