ገና ያልተወለደው ወለድ

በጎንደር አራዳ ሱቆች ደጃፍ ከእኔ ጋር የጠዋት ፀሐይ የምትሞቁ አቻዎቼ ሆይ፣ ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ሳይሆን ሰሞኑን በጨዋታችን መካከል የሰማሁት አንድ ቃል እንቅልፍ ስለ ነሳኝ ነው። ከመካከላችን አንዱ ለልጁ ሠርግና ለሱቁ ዕቃ ማሟያ የተበደረውን ሲቆጥር «መቶ ሺህ ብቻ ነው» ብሎ ቡናውን ፉት አለ። ወለዱስ ብለው፣ «እሱ ገና ነው፣ ሲደርስ ይታሰባል» አለኝ። ሁላችንም ሳቅን፤ የእኔ ሳቅ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

አነጋገሩ እውነት የለውም አልልም። አባቶቻችን ወለድን ከመውለድ ጠርተውታል፤ በማሕፀን ያለን ልጅ ደግሞ ስም አውጥቶ ከቤተሰቡ ጋር የሚቆጥር የለም። ሆኖም ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት የገንፎው ዱቄት አስቀድሞ ይፈጫል፣ ቅቤው ይነጠራል። ወዳጄ ያልተወለደውን አለመቁጠሩ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ዱቄቱን አለማስፈጨቱ ነው።

መቶ ሺው በዓመት 18 በመቶ፣ በ36 ወር የሚመለስ ነው ብለን እናስላው። ወለዱ በቀረው ዕዳ ላይ ብቻ የሚታሰብ ከሆነ በየወሩ 3 ሺህ 615 ብር ገደማ ይከፍላል፤ እስኪጨርስ ድረስ ከእጁ የሚወጣው 130 ሺህ ያህል ነው። እስከ መጨረሻው በሙሉው መቶ ሺህ ላይ የሚታሰብ ከሆነ ግን 154 ሺህ ይሆናል፤ በአፍ ሲጠሩት ሁለቱም አሥራ ስምንት ናቸው። በፊተኛው መንገድ አንድ ዓመት ሙሉ ሳያጓድል 43 ሺህ ብር ያህል ከፍሎ ከዋናው የሚቀነስለት 27 ሺህ 600 ገደማ ብቻ ነው፤ የሦስቱ ዓመት ወለድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በዚያች በመጀመሪያዋ ዓመት ተበልቷል። ያን ዕለት ዕዳውን ቢዘጋው፣ ውሉ ቀድሞ ለሚከፍል ቅጣት ካላኖረበት፣ 14 ሺህ ብር የሚሆን ወለድ ሳይወለድ ይቀራል። ስለዚህ 130 ሺውን ዕዳዬ ነው ብሎ የሚጽፍ ሰው ቀድሞ መክፈል ምን እንደሚያተርፈው አያይም፤ መቶ ሺውን ብቻ የሚጽፍ ደግሞ በየወሩ የሚወጣበትን አያይም። እኔ ሁለቱም በአንድ ገጽ፣ ለየብቻቸው ይጻፉ ባይ ነኝ።

ወለዱ ተወልዶ፣ ጥርስም አብቅሎ የሚመጣበት ወረቀትም አለ፤ ይህን በራሴ ደርሶ አይቼዋለሁ። በደርግ ጊዜ ለአባቴ ተዝካር ስበደር፣ ስሙን የማላነሳው አበዳሪ 400 ብር ቆጥሮ ሰጠኝና 600 ተቀብያለሁ ብዬ እንድፈርም አደረገኝ። ወለድ የሚል ቃል በወረቀቱ ላይ አልነበረም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2479 ተበዳሪና አበዳሪ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ እንዳይዋዋሉ ከልክሏልና (ባንኮች የሚሄዱበት ሌላ መመሪያ ነው) ሰውየው ወለዱን የዋናውን ልብስ አልብሶ አስፈረመኝ። በስድስተኛው ወር መክፈል ሲያቅተኝ ወረቀቱ በ900 ታደሰ። ጠላውን የጠጡት ሁሉ ረስተውት ሳለ፣ አባቴ ዳባት ላይ የተወልኝን ጥማድ በሬ በዚያ ወረቀት ምክንያት ሸጥኩ።

ዛሬም በወር በመቶ አሥር የሚያበድር አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አራጣን ወንጀል ብሎታል፤ በጨለማ የሰው ደጅ የሚያንኳኳ ተበዳሪ ግን ሕግ አገላብጦ አይሄድም። 10 ሺህ ብር በዚህ መንገድ ዓመት ሳይከፈልበት ከቆየ፣ ወለዱ በወለድ ላይ ሲቆለል ከ31 ሺህ ያልፋል።

የምፈራው ግን ራሳችን የተበደርነውን ብቻ አይደለም። በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ከመበደር ይልቅ ዋስ ለመሆን ይጠራል፤ ልጅ ይለምናል፣ የእኅት ልጅ ያስለቅሳል፣ እኛም መነጽራችንን ቤት ረስተን እንፈርማለን። የዋስትናው ወረቀት ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ መጻፍ አለበት፤ ያ ቁጥር ልጁ በአፉ ከነገረን መብለጥ አለመብለጡን ሳናይ እጃችንን አንዘርጋ። ሊከፍል ያሰበም ሰው ቀን ሊጥለው ይችላል፤ ከወረርሽኙና ከጦርነቱ ወዲህ የፋሲልን ግንብ ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ሲመናመን፣ የሆቴሉም የአስጎብኚውም የባለ ሱቁም እጅ እንዴት እንዳጠረ አይተናል። ገበያው ተኛ፣ መንገዱ ተዘጋ፤ ወለዱ ግን ሰንበት አላከበረም፣ መንገድ ተዘጋብኝ ብሎም አልቀረም።

ወዳጄ ገና አልመሸበትም፤ ከተበደረ አራት ወሩ ነው። ሐሙስ ዕለት ጃንተከል ዋርካው አጠገብ አግኝቼው ደብተሩን አወጣልኝ፤ በመጀመሪያው ገጽ አንዲት ቁጥር ብቻ፣ ከሥሯም ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል። ሰኞ ጠዋት አብረን ወደ ተበደረበት ባንክ ሄደን ዛሬ ቢዘጋ ስንት እንደሆነ፣ በየወሩ ቢከፈልም እስከ መጨረሻው ስንት እንደሚወጣ በጽሑፍ እንጠይቃለን። የልጅ ልጁንም ይዘናት እንሄዳለን፤ ቁጥሩን ጮክ ብላ የምታነብልን እሷ ናት።