«አንድ ኩባያ» ስንት ግራም ነው?

የስኳር ሕመም ያለባቸው ታካሚዎች ስለ ቁርስ ሲጠይቁን እኛ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ «ግማሽ ኩባያ አጃ ይበቃዎታል» ብለን እናሰናብታቸዋለን። በእኔ አስተያየት ይህ ምክር ጎደሎ ነው። የትኛው ኩባያ?

ይህን ያስተማሩኝ አንዲት እናት ናቸው። መድኃኒታቸውን ሳያዛንፉ ይወስዳሉ፤ ስኳራቸው ግን አልወርድ አለ። ስለ አመጋገባቸው ስጠይቃቸው «ልጄ፣ አንተ እንዳልከኝ ግማሽ ኩባያ ነው የምሠራው» አሉኝ። በቀጣዩ ቀጠሮ ኩባያውን ይዘውልኝ መጡ። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ትልቅ የቆርቆሮ ኩባያ ነው። እኔ በልቤ ይዤ የነበረው 240 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነበር። እርሳቸው ምክሬን አክብረው እጥፍ ሲመገቡ ከርመዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ኩባያ የሚለካው ቦታን እንጂ ክብደትን አይደለም። በዚያው 240 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ኩባያ ጠፍጣፋው የታሸገ አጃ ከ80 እስከ 90 ግራም፣ የስንዴ ዱቄት 120 ግራም ገደማ፣ ስኳር ደግሞ 200 ግራም ገደማ ይመዝናል። አሰፋፈሩም ለውጥ ያመጣል። ገበያ ላይ ጣሳው ነቅነቅ ተደርጎ ሲሞላ የበለጠ እንደሚይዝ ሁላችንም እናውቃለን።

ለሰውነታችን ቁም ነገሩ ክብደቱ ነው። 40 ግራም ደረቅ አጃ ውስጥ 27 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለ። መጠኑ እጥፍ ሲሆን ይህም እጥፍ ይሆናል። በተቃራኒው ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው የተለመደውን መድኃኒት ወስዶ ምግቡን ከቀነሰ ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሲብስም ራሱን ይስታል።

ሚዛን የለንም ብላችሁ አትጨነቁ። ክብደቱ የተጻፈበት 500 ግራም የታሸገ አጃ ግዙ። ዘወትር የምትጠቀሙበትን ኩባያ ሳትነቀንቁና ሳትጠቀጥቁ ሙሉ፤ አፉን በቢላ ጀርባ አስተካክሉና ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ። አጃው እስኪያልቅ ስንት ኩባያ እንደሆነ ቁጠሩ፤ ከዚያም 500ን በቁጥሩ አካፍሉ። ስድስት ኩባያ ከወጣው አንዱ 83 ግራም ገደማ ነው፤ ስለዚህ 40 ግራም ለማግኘት ግማሽ ኩባያ ይበቃል። ሦስት ብቻ ከወጣው ግን አንዱ 167 ግራም ገደማ ስለሆነ የሚያስፈልጋችሁ ሩብ ኩባያ ነው። በኩባያው ላይ ምልክት አድርጉበት።

ሁለት ነገር አትርሱ። መጠኑ የሚለካው አጃው ደረቅ ሳለ ነው፤ ሲበስል ውኃ ስለሚጠጣ ያብጣል። ለአጃ ያገኛችሁትንም ቁጥር ለዱቄት ወይም ለሽሮ አትጠቀሙበት፤ ለእያንዳንዱ ለየብቻው ለኩ።

ለእያንዳንዱ ታካሚ የሚስማማው መጠን ይለያያልና የእናንተን ከሐኪማችሁ ጋር ወስኑ፤ መድኃኒቱንም በራሳችሁ አትቀይሩ። መድኃኒት ስናዝ በሚሊ ግራም እንጽፋለን፤ የምግብ ምክራችንንም በግራም የማንጽፍበት ምክንያት አይታየኝም። እስከዚያው ግን ሐኪማችሁ «አንድ ኩባያ» ካላችሁ «ዶክተር፣ ስንት ግራም?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ድፍረት አይደለም፤ መብታችሁ ነው።