የሶላር ባትሪ ስትገዙ ሚዛን ላይ አውጡት

ቡና ተሸጦ እጅ ላይ ትንሽ ገንዘብ በሚገኝበት በዚህ ሰሞን ከሚዛን እስከ ቴፒ ሱቅ ደጃፍ ላይ ባትሪ ተደርድሯል። ሰው እየገዛ በሞተር፣ በበቅሎ፣ በትከሻ ወደ ገጠር ያስገባል። ጥሩ ነው፣ ጨለማ ይብቃ። እኔን የሚያናድደኝ ግን ዘንድሮም የተገዛው ብዙው ባትሪ ክረምቱን አለመዝለቁ ነው። ያኔ ደግሞ ጥፋቱ በፓናሉ ይላከካል፣ «ሶላር ለኛ አገር አይሆንም» ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ማንኛውም ባትሪ ጎበዝ ነው። ፀሐዩ አለ፣ ማታ የተበላውን ቀን ይመልሳል። ፈተናው የሚመጣው ከመጋቢት ወዲህ ነው። የኛ ዝናብ እንደ ሰሜኑ ሁለት ሦስት ወር ዘንቦ የሚሄድ አይደለም፤ እስከ ጥቅምት ይገፋል። በደመናማ ቀን ፓናል የተጻፈበትን አንድ አምስተኛ እንኳ ላይሰጥ ይችላል። ስለዚህ ባትሪው ለሳምንታት ግማሽ ሆዱን ይከርማል።

የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ደግሞ የማይወደው ይህንኑ ነው። በየጊዜው ጢም ብሎ ካልሞላ የእርሳስ ሰሌዳው ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል። ሲቆይ ይጠነክርና በቻርጅ አይለቅም፤ ባለ 100 የነበረው ባትሪ ባለ 30 ይሆናል። ሙቀትም ይጨመርበት። ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው የዚህ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ቴፒ ላይ ከቆርቆሮ ሥር ወይም ምድጃው አጠገብ የተቀመጠ ባትሪ ምን እንደሚሆን እናንተው አስሉት። «ጄል ነው፣ ድራይ ነው» ቢሏችሁም ውስጡ ያው እርሳስ ነው። የመኪና ባትሪማ ባይነሳ ይሻላል። ሰሌዳው ስስ ነው፤ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት፣ ለጥቂት ሴኮንድ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አምፖል እንዲሸከም ማድረግ የሩጫ ፈረስ ማረሻ ላይ መጥመድ ነው።

የኔ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ አቅም ያለው ሊትየም ይግዛ። ሊትየም ሁሉ ግን አንድ አይደለም፤ የምለው ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ነው። ግማሽ ሆኖ ቢከርም አይጎዳውም፣ እንዲያውም ይስማማዋል። ለኛ ክረምት የተሠራ ነው የሚመስለው። መለያው ቀላል ነው፦ ላዩ ላይ 12.8 ቮልት ይላል፣ ውስጡ ባለ 3.2 ቮልት አራት ሴል ስለሆነ። 11.1 ወይም 14.8 የሚል ከሆነ ሌላ ዓይነት ነው። ከአሮጌ ላፕቶፕ እየተፈታ የሚገጣጠመውንማ ልጆች የሚተኙበት ቤት አታስገቡ፤ እሳት ነው።

«ውድ ነው» ትላላችሁ። ልክ ነው፣ ግን ሒሳቡን በትክክል እንሥራ። አንድ ቤት አራት ባለ 5 ዋት አምፖል አምስት ሰዓት ቢያበራ 100 ዋት-ሰዓት ነው። ቴሌቪዥን ከነሪሲቨሩ በ40 ዋት አራት ሰዓት ቢሠራ 160። ስልኮቹ 40። በጠቅላላ 300። ባለ 100 የአሲድ ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት ይዟል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግን ከግማሹ በላይ አይነካም፣ ስለዚህ ያላችሁ 600 ነው። ባለ 50 ሊትየም 640 ይይዛል፣ 90 ከመቶውን ብትጠቀሙበት 576። ያው ነው! እንግዲህ ዋጋ ስታነጻጽሩ መቶን ከመቶ ጋር ሳይሆን መቶን ከሃምሳ ጋር ነው። አሲዱ በግማሽ እየተሠራበት ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ዙር ሲሄድ፣ ደህና ሊትየም ከ2,000 ዙር በላይ ይሄዳል።

ሊትየም ጠባዩ አስቸጋሪ የሚሆንበት ቦታም አለ። የአሲድ ባትሪ ዕረፍት ላይ ሲለካ 12.7 ቮልት ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ። ሊትየም ግን ከሞላ ጎደል እስኪያልቅ ድረስ 13 ቮልት አካባቢ ይቆይና ድንገት ይወርዳል። ውስጡ ያለው መከላከያ ይቆርጠዋል፣ ቤቱ ድርግም። በቮልት የለመደ ሰው «አታለለኝ» ይላል። የገባና የወጣውን የሚቆጥር ማሳያ ያለውን ፈልጉ። ኮንትሮለሩም የሊትየም ምርጫ ይኑረው። ለአሲድ ባትሪ ተብሎ አንዳንዴ ከ15 ቮልት በላይ የሚገፋው ማመጣጠኛ መጥፋት አለበት። ፓናሉ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ባትሪ መቀየር ብቻውን ዋጋ የለውም። በዝናብ ወር 300 ለሚበላ ቤት አንድ ባለ 100 ዋት ፓናል አይበቃም፣ ሁለት ይሁን።

ማጭበርበሩስ? በሚዛን ከተማ ሚዛን አይጠፋም፤ የቡና ሚዛን በየደጁ አለ። እርሳስ ከባድ ነው፣ ክብደት አይዋሽም። ባለ 100 የእርሳስ ባትሪ 30 ኪሎ ገደማ፣ ሁለት ፈረሱላ ለመሙላት ትንሽ የሚቀረው መሆን አለበት። «200» ተብሎ ተለጥፎበት 18 ኪሎ የሚመዝን ካጋጠማችሁ እሱ ባትሪ ሳይሆን ተለጣፊ ወረቀት ነው። ባለ 100 ሊትየምም 10 ኪሎና ከዚያ በላይ ነው፤ 5 ኪሎ ከሆነ ለሻጩ መልሱለት። አላስመዝንም የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ይህን ሁሉ የምጨቃጨቀው ለቴሌቪዥን ብዬ አይደለም። ጤና ኬላ ላይ ሌሊት ምጥ ሲመጣ አዋላጇ የምትይዘው ብርሃን ከዚሁ ዓይነት ባትሪ ነው የሚመጣው፤ ከሌለ የስልክ ባትሪ በጥርስ ተይዞ ነው። የክትባት ማቀዝቀዣ የሚሠሩት ሰዎች እኮ ቶሎ የሚሞተው ባትሪው መሆኑ ሲያስቸግራቸው ባትሪውን ጭራሽ ትተው ቀን በፀሐይ በረዶ ሠርቶ ሌሊት በበረዶው የሚያድር ፍሪጅ አመጡ። ለአምፖል ግን በረዶ አይሆንምና ባትሪ የግድ ነው። በጨረታ የሚገዙ መሥሪያ ቤቶችም «ባለ 100 ባትሪ» ብለው ብቻ ባይጽፉ ጥሩ ነው። እንደዚያ ከተጻፈ የሚያሸንፈው ርካሹ አሲድ ነው፣ ሐምሌ ላይ ኬላው ጨለማ ነው።

እና የሞተውን የአሲድ ባትሪ ከፍታችሁ አሲዱን ቡናው ሥር ወይም ወንዝ ዳር አትድፉ፤ እርሳሱንም ልጆች አያቅልጡት፣ ጭሱ መርዝ ነው። ሳይከፈት እንዳለ በኪሎ የሚገዛ አይጠፋም።