የእንግሊዝኛ ሰዋስው ለጀማሪ በምን ቋንቋ ይገለጥ?

ሰዋስው በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። መሰላልም የሚቆመው በመሬት ላይ እንጂ በአየር ላይ አይደለም። ይህ ለማንም ግልጥ ሲሆን፣ እንግሊዝኛን ለጀማሪ ለማስተማር በተነሣን ጊዜ ግን እንዘነጋዋለን። ልጁ ከእናቱ ቤት ይዞት የመጣውን ቋንቋ ከክፍሉ ደጅ አስቀርተን፣ የማያውቀውን በማያውቀው እንተረጕምለታለን። ይህ ልማድ መታረም የሚገባው መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ላይ የምትገኘውንና ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ያለችውን ሱሉልታን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በዚያ ኦሮምኛ የሚናገርና አማርኛ የሚናገር ልጅ በአንድ ሰፈር አብረው ያድጋሉ። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ በሁለተኛ ደረጃ ግን የትምህርት መስጫ ቋንቋ ይሆናል። እንግዲህ እስከ 8ኛ ክፍል ሒሳቡንና ሳይንሱን በኦሮምኛ የተማረ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። በነዚያ ስምንት ዓመታት የእንግሊዝኛ አረፍተ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ያልገባው ልጅ፣ የሚያጣው አንድ ትምህርት ብቻ ሳይሆን ትምህርትን በሙሉ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። የዚህ ሁሉ ጥፋት በቋንቋ ብቻ ይመካኝ አልልም፤ ነገር ግን ጥያቄው ያልገባው ተማሪ መልሱን ያገኛል ብሎ የሚከራከር አይኖርም።

‹እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ብቻ ይሰጥ፤ የአገር ቋንቋ ከገባበት ይበላሻል› የሚሉ አሉ። በአንዳንድ ትምህርት ቤትም ልጁ በአፉ መፍቻ ቋንቋ በመናገሩ ይቀጣል። እነዚህን ሰዎች የምጠይቃቸው፣ አባቶቻችን ግዕዝን በምን አስተማሩ? ብዬ ነው። የቅኔ ተማሪ ቀተለንና ቀደሰን ሲያወርድ ፍቺውን የሚሰማው በአማርኛ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የደከሙበት፣ በ1948 ዓ.ም. የታተመው ታላቁ የሰዋስውና የግስ መጽሐፍም ግዕዙን የሚያብራራው በአማርኛ ነው። በዚህ ሥርዓት ያደገ ባለቅኔ ግዕዙ ተበላሸበት ያለ ሰው ከቶ አልተሰማም።

አሁን ወደ ሰዋስዉ እንግባ። ብዙ ጊዜ መምህሩ ‹ሰብጀክት፣ ቨርብ፣ ኦብጀክት› ብሎ በሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ልጁም ይገለብጣል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። በዚህ ፈንታ ሦስት አረፍተ ነገር ጎን ለጎን ቢጻፉ ምን ይታያል? በአማርኛ ‹ቶላ ቡና ጠጣ›፤ በኦሮምኛ ‹ቶላን ቡነ ዹጌ›፤ በእንግሊዝኛ ‹ቶላ ድራንክ ኮፊ›። በሁለቱ የአገራችን ቋንቋዎች ግሡ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ አረፍተ ነገሩን ይዘጋል፤ በእንግሊዝኛ ግን ከባለቤቱ ቀጥሎ ይመጣል። ልጁ ይህን በዓይኑ ካየ በኋላ ‹ቶላ ኮፊ ድራንክ› ብሎ ቢጽፍ እንኳ ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ራሱ ያውቀዋል።

እንዲሁም ‹መጣ፣ መጣች› ስንል፣ በኦሮምኛም ‹ዹፌ፣ ዹፍቴ› ሲባል፣ የመጣው ማን እንደ ሆነ ግሡ ራሱ ይናገራል። የእንግሊዝኛው ‹ኬም› ግን ወንዱንም ሴቷንም አይለይም፤ ስለዚህ ‹ሂ› ወይም ‹ሺ› ሳይቀድመው አይቆምም። ጀማሪ እነዚህን ቃላት የሚዘላቸው ስለ ሰነፈ ሳይሆን በቋንቋው ስለማያስፈልጉት ነው። ‹ዘ› የምትባለውም ትንሽ ቃል እንዲሁ ናት፤ እኛ ‹ሰውየው›፣ ኦሮምኛ ‹ናሚቻ› ብሎ በቃሉ ጅራት የሚያሳየውን፣ እንግሊዝኛ ‹ዘ ማን› ብሎ በራስ ላይ ያስቀምጠዋል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የ‹ሀቭ› ነገር ነው። በአማርኛ ‹ላም አለችኝ› ሲባል የግሡ ባለቤት ላሟ እንጂ ሰውየው አይደለም። ኦሮምኛ ተናጋሪው ግን ‹አኒ ኪታበ ቀበ› ሲል ባለቤቱ መጽሐፉን የያዘው ሰው ነው፤ እንግሊዝኛውም ‹አይ ሀቭ ኤ ቡክ› ሲል እንደዚሁ ነው። ስለዚህ በዚህ ቦታ የሱሉልታው የኦሮሞ ልጅ ከአማርኛ ተናጋሪው ጓደኛው ይልቅ ለእንግሊዝኛው ይቀርባል። ይህን ሀብት በእጁ ይዞ ሳለ ‹ቋንቋህን እርሳ› ማለት ከበደልም በደል ነው።

በቃላትም ረገድ ቢሆን፣ ሃያ ቃል ከነፍቺው ማሸምደድ አይጠቅምም። እኛ ገመድም ትኬትም ‹እንቆርጣለን›፤ ድንጋይም ፎቶግራፍም ‹እናነሣለን›። እንግሊዝኛ ግን ለእያንዳንዱ ሌላ ቃል አለው። ‹ከት› ማለት ቆረጠ ነው ብሎ ብቻ የተማረ ልጅ ትኬቱን በመቀስ ቢቆርጠው ማን ይፈርድበታል? ጻፈ፣ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ለሚያውቅ ልጅ፣ ‹ራይት፣ ራይተር፣ ራይቲንግ› ዘመዳሞች መሆናቸውን ማስረዳት የአንድ አፍታ ሥራ ነው።

‹መምህሩ ሰዓቱን በትርጉም ከፈጀው ልጁ መቼ ይናገራል?› የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው። መልሱም መግለጫው ይጠር፣ ልምምዱ ይርዘም የሚል ነው። አምስት ደቂቃ በሚያውቀው ቋንቋ የተረዳ ልጅ የቀረውን ሰዓት በእንግሊዝኛ ይናገርበታል፤ ያልተረዳው ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል። መስማት ብቻ ቢበቃማ ኖሮ፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው ‹ፕላዝማ› የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት በበቃን ነበር። እሱ በእንግሊዝኛ ያለ ማቋረጥ ይናገር ነበር፤ ያልገባውን ተማሪ ግን ቆሞ አይጠብቅም ነበር።

ስለዚህ መጻሕፍት ለሚያዘጋጁና መምህራንን ለሚያሠለጥኑ ባለሥልጣኖች የማቀርበው አሳብ አጭር ነው። የእንግሊዝኛን ሰዋስው ከአማርኛና ከኦሮምኛ ጋር እያስተያየ የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ለየክፍሉ ይዘጋጅ። የእንግሊዝኛ መምህር የሚሆን ሰው የተማሪዎቹን ቋንቋ ሰዋስው ይማር። ልጅን በእናቱ ቋንቋ በመናገሩ መቅጣት ይቅር። መምህራን ሆይ፣ እናንተም መጽሐፉ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ሰሌዳውን ለሦስት ከፍሎ መጻፍ በጀትም ፈቃድም አያስፈልገውም። የልጁ ቋንቋ የመሰላሉ እግር የሚቆምበት መሬት ነውና፣ መሬቱን ነሥተን ‹ውጣ› አንበለው።