እህሉን ከድርድሩ አውጡት

ግልጽ ደብዳቤ ለአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት አባላት

ክቡራንና ክቡራት፣

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ በእርስ በርስ ጦርነት ለተከበበ ሕዝብ ስለሚገባው፣ ወይም ስለማይገባው እህል።

ጉዳዩ እናንተ በምትሰበሰቡባት ከተማ ከዚህ ቀደም ቀርቦ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1968 የናይጄሪያ ፌደራል መንግሥትና ከናይጄሪያ ተገንጥያለሁ ያለችው የቢያፍራ ልዑካን አዲስ አበባ ላይ ለድርድር ተቀመጡ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ያቋቋመውን የስድስት መሪዎች ኮሚቴ የሚመሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። የቢያፍራው መሪ ኦጁኩ ራሳቸው መጥተው ረጅም ንግግር አድርገው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ልዑካኑን ካከራከሯቸው ነገሮች አንዱ እህሉ በየት በኩል ይግባ የሚለው ነበር። ፌደራሎቹ በየብስ፣ እኛ በምንቆጣጠረው መንገድ ይግባ አሉ። ቢያፍራዎቹ በበኩላቸው መንገዱ ከተከፈተ ጦሩ ተከትሎ ይገባል፣ እህሉም ሊመረዝ ይችላል ብለው ስለ ፈሩ በአየር ይሁን አሉ። ሁለቱም ምክንያት አላጡም። ከሳምንታት ክርክር በኋላ ድርድሩ ያለ ውጤት ተበተነ።

ፖርት ሃርኮርት በግንቦት ወር በፌደራሉ ጦር እጅ ስለ ወደቀች፣ በዚያ ሰሞን ቢያፍራ ወደብ አልነበራትም። ሕፃናቱ እግራቸው አብጦ፣ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ፀጉራቸው ቀልቶ ይሞቱ ነበር። ከሳኦ ቶሜ ደሴት እርዳታ ጭነው የሚነሡት የአብያተ ክርስቲያናት አውሮፕላኖች መብራታቸውን አጥፍተው በሌሊት ኡሊ ላይ፣ ማረፊያ በተደረገ አውራ ጎዳና ያርፉ ነበር። ከ5000 በላይ በረራ አድርገዋል፤ ለዚህ ድፍረት እስከ ዛሬ በቂ ክብር የተሰጠ አይመስለኝም። በሰኔ 1969 አንድ የቀይ መስቀል አውሮፕላን ተመቶ ወደቀ፤ ቀይ መስቀልም በረራውን አቆመ።

ጦርነቱ በጥር 1970 ሲያበቃ ስንት ሰው ሞቷል? ዝቅተኛው ግምት ግማሽ ሚሊዮን፣ ከፍተኛው ሦስት ሚሊዮን ነው። አብዛኛው የሞተው በረሃብ ነው፤ ከሟቾቹም እጅግ ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። በሁለቱ ግምቶች መካከል ያሉትን ሁለት ሚሊዮን ተኩል ነፍሳት አስቡልኝ። መኖራቸውንም መሞታቸውንም የመዘገበ የለም።

በጦርነት ጊዜ ከጥይት ይልቅ በረሃብና በበሽታ ማለቅ የቢያፍራ ብቻ ዕጣ አይደለም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከሞቱት ከ600,000 በላይ ወታደሮች እንኳ ከሦስቱ ሁለቱን ያህል የጨረሰው ተቅማጥ፣ ተስቦና የመሳሰለው በሽታ ነው።

የቢያፍራ ጦር እጅ ሲሰጥ የተቀበሉት የፌደራሉ አዛዥ ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ ነበሩ። እኒሁ ሰው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የኅብረታችሁ ልዑክ ሆነው የእኛን የሰሜኑን ጦርነት አደራደሩ፤ ስምምነቱም ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ተፈረመ። ለዚያ ሥራ ምስጋናዬ ከልብ ነው። በኋላ ግን ስለ ሟቾቹ ቁጥር ሲናገሩ እስከ 600,000 ሊደርስ እንደሚችል ገለጹ። ሊደርስ እንደሚችል! እኛም አገር እህል የጫኑ መኪኖች ወደ ትግራይ ለወራት ሳይገቡ የቀሩበት ጊዜ ነበር፤ እኛም አገር የተቆጠረ ሬሳ የለም። ልጁ ይኑር ይሙት ሳያውቅ፣ ተስካር ለማውጣት እንኳ የተቸገረ ወላጅ አለ።

አሁን ደግሞ ሱዳን። ከቻድ እህል የሚገባበትን የአድሬን በር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የጦሩ መንግሥት ዘጋው፤ ነሐሴ ላይ ሲከፈት በዳርፉር፣ በዛምዛም የተፈናቃዮች መጠለያ ረሃብ መግባቱ በይፋ ተረጋግጦ ነበር። ጦሩን የሚወጋው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል በፋንታው የኤል ፋሽርን ከተማ ከ500 ቀናት በላይ ከብቦ፣ ሕዝቡን ለከብት የሚሰጥ የለውዝ ፋጉሎ እስከ ማብላት አደረሰው። በጥቅምት 2025 ከተማዋን ሲይዝም መሸሽ ያልቻሉትን ፈጀ።

የቀድሞው ድርጅት ቻርተር በአገሮች የውስጥ ጉዳይ መግባትን ስለሚከለክል መሪዎቹ እጃችን ታስሯል ማለት ይችሉ ነበር። እናንተ ግን ይህን ማለት አትችሉም። የኅብረቱ መመሥረቻ ሰነድ በአንቀጽ 4 የጦር ወንጀል፣ የዘር ማጥፋትና በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሲደርስ ለኅብረቱ ጣልቃ የመግባት መብት ሰጥቶታል። ጦር አዝምቱ አልላችሁም። የእህሉን መንገድ ከሥልጣን ክፍፍሉ ንግግር ለይታችሁ አውጡት፤ ለማንም ወገን እንደ መያዣ አይቀመጥ። ተፋላሚዎቹ ተቀይመው ድርድሩን ጥለው ይወጣሉ ትሉኝ ይሆናል። ግን እህሉን ማሰሩም ድርድሩን አያድነውም፦ በ1968 የየብሱ መንገድ ከድርድሩ ጋር ታስሮ ነበር፤ ድርድሩ ሲፈርስ መንገዱም አብሮ ቀረ።

በመግለጫችሁም “ሁሉም ወገኖች” እያላችሁ አታልፉት። መኪናው የቆመው የትኛው ኬላ ላይ ነው? ያስቆመውስ ማን ነው? ከቆመ ስንት ቀኑ ነው? ይህን በየሳምንቱ በስም አውጡት።

የሟቾችም መዝገብ ጦርነቱ እስኪያልቅ ሳይጠበቅ ዛሬ ይከፈት። ከሱዳን አምልጠው የወጡት በአድሬም በመተማም በኩል ተሻግረዋል፤ ማን እንደ ሞተባቸው ከነአባቱ ስም፣ ከነመንደሩ ይነግሯችኋል። የሚጠይቅና የሚጽፍ ሰው መድቡላቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ